ተማሪዎችን ሥዕል ለማሳየት ሙዚየም መውሰድ፦ ከደብዳቤው እስከ መልስ ጉዞው

አርባ ልጅ ይዞ አምስት ኪሎ መድረስ፣ ድንቅነሽን በሩጫ ማየት፣ ሥዕሎቹ ያሉበትን ፎቅ በአምስት ደቂቃ አቋርጦ መመለስ የተለመደ ነው። በማግስቱ ልጆቹን ምን አያችሁ ብትሏቸው የሚያስታውሱት አውቶቡሱንና ብስኩቱን ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ጉብኝቱ ሲታቀድ «ሁሉንም ይዩ» ተብሎ ስለታቀደ ነው።

ይህ መመሪያ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩና ልጆችን ወደ መሀል አዲስ አበባ ሙዚየሞች ለሚወስዱ መምህራን ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ሦስት ሥዕል ብቻ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ። የቀረው ሁሉ ይህን ለማስቻል የሚደረግ ዝግጅት ነው።

1. የት እንደምትሄዱ ወስኑ (4 ሳምንት ሲቀረው)

በአንድ ቀን አንድ ቤት ብቻ ምረጡ። ሙዚየሞቹ ስለሚቀራረቡ «ሁለቱንም እንጨርሳቸው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ተዉት።

ብሔራዊ ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት። ሥዕሎቹ ከእሷ በላይ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ከጥንት የብራና ሥዕል ተነስተው እስከ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ይደርሳሉ። ለመጀመሪያ ጉብኝት ይሄኛው ይሻላል። ልጆቹ ድንቅነሽን ከመማሪያ መጽሐፍ ያውቋታል፣ ወላጅም ቤቱን ስለሚያውቀው በቀላሉ ይፈቅዳል።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና መስቀል ማሳየት ከፈለጋችሁ ወደዚህ ሂዱ። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን በር ማለፍ እንዳለባችሁ አትርሱ። ለሙዚየሙ የጻፋችሁትን ደብዳቤ ቅጂ ለበሩ ጥበቃም ያዙ።

ገብረክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ። ትንሽ ቤት ነው። በአንድ ሠዓሊ ሥራ ላይ ረጋ ብሎ ለመቆየት ይመቻል። ሥዕሎቹ ብዙዎቹ ረቂቅ ስለሆኑ የክፍል ውስጥ ዝግጅት ይጠይቃሉ።

የአፍሪካ አዳራሽ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ ቆሞ ማየት ያስደንቃል። ነገር ግን ቦታው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ፍተሻውም ጠበቅ ይላል። ለከፍተኛ ክፍሎች አቆዩት።

ቀን ስትመርጡ ጥር 10ንና የካቲት 12ን ሽሹ። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ፣ በሰማዕታት ቀን ደግሞ በሐውልቱ ዙሪያ መታሰቢያው ሲደረግ ስድስት ኪሎ ይጨናነቃል። ዓርብም አትምረጡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ዓርብ ቀን ከ5:30 ጀምሮ ስለሆነ፣ ትንሽ ከዘገያችሁ የምታነጋግሩት ሰው አታገኙም።

2. ብቻችሁን ሂዱና ቤቱን እዩት (3 ሳምንት ሲቀረው)

ይህን ደረጃ የሚዘሉ መምህራን ብዙ ናቸው። አብዛኛው ችግር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ልጆቹን በምትወስዱበት የሳምንቱ ቀንና ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ሂዱ። ማክሰኞ ጠዋት የሚወስደውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት ሄዶ ማወቅ አይቻልም።

እዚያ ስትደርሱ እነዚህን በወረቀት ያዙ፦

– አውቶቡሱ ልጆቹን የት ያወርዳል? የት ቆሞ ይጠብቃል? ከኮሪደር ልማቱ በኋላ መሀል ከተማ ብዙ ቦታ እንደ ድሮው ዳር ይዞ ማቆም አይቻልም። ጥበቃዎቹን ጠይቁ፣ እነሱ ያውቃሉ።
– መጸዳጃ ቤቱ የት ነው? ክፍት ነው? ውሃ አለው?
– ቦርሳ የሚቀመጥበት ቦታ አለ?
– የተማሪ መግቢያ ስንት ነው? በጥሬ ገንዘብ ነው በቴሌብር?
– ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?
– መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ?

ከዚያ ሥዕል ምረጡ፣ ሦስት ብቻ። ስትመርጡ ዝናውን ሳይሆን ቦታውን እዩ። ከፊቱ አሥር ልጅ ሰብሰብ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም ይችላል? መስታወቱ ብርሃን አያንጸባርቅም? ለአጭር ልጅ ይታያል? አንድ ድንቅ ሥዕል ደረጃው ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ቢሆን ይለፋችሁ፤ መተላለፊያ ዘግታችሁ ስለ ቀለም ማውራት አትችሉም። የሦስቱን ሥዕሎች ቦታ በትንሽ ንድፍ አስቀምጡ። አብረዋችሁ የሚሄዱ ሰዎች በዚያ ንድፍ ይመራሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት ከአስጎብኚዎቹ አንዱን አነጋግሩ። «ሦስት ሥዕል ላይ ብቻ መቆየት እንፈልጋለን» በሏቸው። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው በዕለቱ የለመዱትን ሙሉ ዙር ያስጎበኟችኋል፣ አስጎብኚን መሀል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው።

3. ደብዳቤውን ጻፉ

በስልክ የተባለ ነገር በር ላይ አያስገባም። ማህተም ያለው ደብዳቤ ያስገባል። የትምህርት ቤቱ ሎጎ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ይሁን። ይዘቱ ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ጉዳዩ፦ የጉብኝት ፈቃድ ስለመጠየቅ
ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የትምህርት ቤታችን የ5ኛ ክፍል 40 ተማሪዎች ከ5 መምህራንና ረዳቶች ጋር ማክሰኞ … ቀን … ዓ.ም. ከጠዋቱ 3:30 እስከ 5:30 ሙዚየሙን መጎብኘት ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው በተመረጡ ሦስት ሥዕሎች ፊት ስለሚቆዩ፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሰዓቱ ላይ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ» የሚለውን ጨምሩ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መቀየራችሁን ሁለቴ አረጋግጡ።

ደብዳቤውን በአካል ውሰዱት። ሁለት ቅጂ ያዙና በአንዱ ላይ «ደርሶናል» ተብሎ እንዲፈረምላችሁ አድርጉ። የፈረሙትን ሰው ስምና ስልክ ያዙ። በዕለቱ በር ላይ «አልተነገረንም» ብትባሉ የሚያድናችሁ ይህ ወረቀት ነው።

4. ወላጅና ገንዘብ (2 ሳምንት ሲቀረው)

የፈቃድ ወረቀቱን በኮሙኒኬሽን ቡክ ላኩ። የሚሄዱበት ቦታ፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ ክፍያው፣ ልጁ ይዞት የሚመጣው ነገርና የኃላፊው መምህር ስልክ ይኑርበት። ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ ልጁ በሽታ ወይም አለርጂ አለበት? መኪና ያስመልሰዋል? በዚያ ቀን በስልክ የሚገኘው ወላጅ የትኛው ነው? የአባት ስልክ ብቻ ተይዞ አባት ስብሰባ ላይ የሆነበት ቀን ያስጨንቃል።

የመመለሻ ቀነ ገደብ አስቀምጡ። ፈቃዱ ያልተፈረመ ልጅ አይሄድም፣ በስልክ «ይሂድ» ቢባልም። በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ለሚቀሩ ልጆች የሚቀበላቸውን ክፍል ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻ ይሰብስብ፣ ደረሰኝ ይስጥ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ካለ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጓዳ ጨርሱት። የልጁ ስም በክፍል ውስጥ ፈጽሞ እንዳይነሳ። ከጓደኞቹ ፊት «አንተ አልከፈልክም» የተባለ ልጅ ሥዕሉን አያይም፣ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

5. በክፍል ውስጥ ማየትን አለማምዱ (1 ሳምንት ሲቀረው)

አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። አንድ ትልቅ ፎቶ ወይም ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጥፉ፣ ካሌንደር ላይ ያለም ይሆናል። አንድ ደቂቃ ዝም ብለው እንዲያዩት አድርጉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦

– ምን ይታያችኋል?
– ምኑን አይተሽ ነው እንዲህ ያልሽው?
– ሌላ ያየ አለ?

ሙዚየም ውስጥም የምትጠይቁት እነዚህኑ ነው። ሁለተኛዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ልጁ «ሰውየው አዝኗል» ካለ ማዘኑን በምን እንዳወቀ ከሥዕሉ ላይ ያሳይ። መልሱን አታርሙ፣ ወደ ሥዕሉ መልሱት።

የሙዚየም ሥርዓትንም በዚሁ ጊዜ አስረዱ፣ ግን ከነምክንያቱ። «አትንኩ» ብቻ አትበሉ። የእጅ ላብና ቅባት ቀለምን ቀስ በቀስ እንደሚያበላሽ ንገሯቸው። አንድ ነጭ ወረቀት ክፍሉን ዞሮ ሁሉም ይንካው፣ መጨረሻ ላይ ንጹሕ ካልተነካ ወረቀት አጠገብ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ብዙ መቆጣት አያስፈልግም።

ልጆቹን አራት ቡድን አድርጉ፣ በቡድን አሥር። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ስጡ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ መድቡ፣ አምስተኛው ሰው ቡድን አይያዝ። ልጅ ሲታመም፣ መጸዳጃ ሲፈልግ፣ ስልክ ሲደወል የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ሁለት ረባሽ ጓደኛሞችን ለያዩ፣ ዓይን አፋሯን ልጅ ግን ከጓደኛዋ አትለዩ።

6. ዋዜማው

ከሰዓት በኋላ ሦስት ስልክ ደውሉ። አንዱ ለሙዚየሙ ነው፦ «ነገ ክፍት ናችሁ? ስብሰባ ወይም እንግዳ የለም?» ሁለተኛው ለሾፌሩ፣ ሦስተኛው ለአስጎብኚው። ሾፌሩን ነዳጅ ዛሬ እንዲቀዳ ንገሩት። ጠዋት ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ የሚቆም አውቶቡስ ጉብኝቱን ይበላዋል።

አንድ ቦርሳ አዘጋጁ፦ የተፈረመው ደብዳቤ፣ የስም ዝርዝር በአምስት ቅጂ፣ የወላጆች ስልክ በወረቀት (የስልክ ባትሪ ያልቃል)፣ እርሳስና ጠንካራ ካርቶን፣ ፌስታል፣ ሶፍት፣ ውሃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ዝርዝር ብር። እስክሪብቶ አይኑር። ሥዕል አጠገብ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው።

ቀኑ ረቡዕ ወይም የጾም ወቅት ከሆነ ለሁሉም የሚሆን የጾም ቁርስ ይዘጋጅ።

7. ጠዋት፦ አውቶቡሱና በሩ

ከትምህርት ቤት ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ሽንት ቤት ይግባ፣ «አልመጣብኝም» የሚለውም።

ልጅ ስትቆጥሩ በጣት አትቁጠሩ። ልጆች ይንቀሳቀሳሉ፣ አንዱ ሁለቴ ይቆጠራል። ራሳቸው ቁጥራቸውን በተራ ይጥሩ፤ 17 ዝም ካለ 17 የለም ማለት ነው። ይህን አምስት ጊዜ አድርጉ፦ ስትሳፈሩ፣ ስትወርዱ፣ ስትገቡ፣ ስትወጡ፣ ስትመለሱ።

መኪና የሚያስመልሳቸውን ከፊት አስቀምጡ። ስትደርሱ አንድ አዋቂ መጀመሪያ ወርዶ በሩ ላይ ይቁም። ልጆቹ በእግረኛ መንገዱ በኩል ብቻ ይውረዱ።

በር ላይ ሁሉንም ልጅ ይዛችሁ አትሰለፉ። አምስተኛው ሰው ቀድሞ ሄዶ ደብዳቤውን ያሳይ፣ ይክፈል፣ ፍተሻውን ያመቻች። ልጆቹ እስኪጠሩ ድረስ ግቢው ውስጥ ሰብሰብ ብለው ይጠብቁ።

ተራውን አስቡበት። ብሔራዊ ሙዚየም ከሆናችሁ ሁለት ቡድን ወደ ሥዕሎቹ ይውጣ፣ ሁለት ቡድን ወደ ድንቅነሽ ይውረድ። በ40 ደቂቃ ተቀያየሩ። ድንቅነሽን ዝለሉ አላልኩም። ለማየት ጓጉተው የመጡትን ልጆች መከልከል ግፍ ነው። ነገር ግን አርባውም አንድ ላይ ምድር ቤት ከወረዱ ቦታው ይጠባል፣ ጫጫታው ይበዛል፣ ለሥዕሉ የተመደበው ጊዜም ያልቃል።

8. ሥዕሉ ፊት

ለአንድ ሥዕል ከ10 እስከ 12 ደቂቃ መድቡ። እንዲህ ሂዱ፦

ሀ. ልጆቹን በግማሽ ክብ አስቀምጡ ወይም አቁሙ፣ ከሥዕሉ አንድ ተኩል ሜትር ራቅ አድርጋችሁ። እናንተ ከጎን ሁኑ። ሥዕሉን በጀርባችሁ አትሸፍኑ።

ለ. አንድ ደቂቃ ዝምታ። ሰዓት ያዙ። አንድ ደቂቃ ለልጅ ረጅም ነው፣ ከ20 ሴኮንድ በኋላ መቁነጥነጥ ይጀምራሉ። አትናገሩ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይናቸው ወደ ጥግ ጥጉ የሚሄደው።

ሐ. ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። የሠዓሊውን ስምና ዘመን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። ጽሑፉን መጀመሪያ ካነበባችሁላቸው ሥዕሉን ትተው ጽሑፉን መገልበጥ ይጀምራሉ።

መ. በእርሳስ አንድ ነገር ብቻ ይሳሉ፦ አንድ እጅ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ጋሻ። ሙሉውን ሥዕል አይገልብጡ። ሦስት ደቂቃ በቂ ነው።

በቆየው የአሣሣል ልማድ የተሠራ የዓድዋ ሥዕል መረጣችሁ እንበል። ኢትዮጵያውያን በግራ፣ ጣሊያኖች በቀኝ ይሰለፋሉ። ዐፄ ምኒልክ ከነጃንጥላቸው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ልጆቹ መጀመሪያ «ጦርነት ነው» ይላሉ። እዚያ አትቁሙ። «የማን የማን ሁለት ዓይን ይታያል?» በሉና ዝም በሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዷ «ቲቸር፣ ጣሊያኖቹ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው!» ትላለች። በዚህ ልማድ ወዳጁና ደጉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ጠላትና ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሳላል። ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ተራ መረጃ ሆኖ ያልፍ ነበር። ራሳቸው ካገኙት ግን የመጨረሻው እራት ሥዕል ሲገጥማቸው ይሁዳን ያለ እናንተ ይፈልጉታል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት አንድ ነገር አስተውሉ። አንዳንዱ ልጅ አማትቦ ሊሳለም ይጠጋል። አትቆጡት። «ከዚህ ሆነህ ተሳለም፣ እንዳይበላሽ ነው» በሉት። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ልጆችም እዚያው አሉ። ጥያቄያችሁ ሁሉ ስለሚታየው ነገር ይሁን፦ ቀለሙ፣ እጁ፣ ልብሱ፣ ዓይኑ። ያኔ ሁሉም ልጅ እኩል ይናገራል።

ረቂቅ ሥዕል ፊት ደግሞ «ይሄማ እኔም እሠራዋለሁ» የሚል አይጠፋም። አትከራከሩት። «ጥሩ፣ ሠዓሊው መጀመሪያ የቀባው ቀለም የቱ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ለማግኘት ቀለም በቀለም ላይ የተደረበበትን ጠርዝ መፈለግ አለበት። ሲፈልግ ያያል።

9. ነገሩ ሲበላሽ

አውቶቡሱ ዘገየ። ሙዚየሙ ውስጥ የሚኖራችሁ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ሦስቱን ሥዕል ወደ አንድ አውርዱ። ፍጥነት አትጨምሩ።

ሌላ ትምህርት ቤት ቀድሟችሁ ገብቷል። አስጎብኚውን አናግሩና በተቃራኒው ተራ ዙሩ። ካልሆነ ቁርሱን አሁን አብሏቸው፣ ሲወጡ ግቡ።

መብራት ጠፋ። «ቁሙ፣ የጓደኛችሁን እጅ ያዙ» በሉ። ደረጃ ላይ ያለ ቡድን ግድግዳ ይዞ ይቁም። ቶሎ ካልመጣ በመስኮት ብርሃን ወደሚታይ ሥዕል ሂዱ፣ የለም ከተባለ ውጡ።

በሩ ተዘግቶ ጠበቃችሁ። ደብዳቤው ላይ ለፈረመላችሁ ሰው ደውሉ። ካልተሳካ ወደ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ሂዱ። በሐውልቱ ላይ የተቀረጹት ምስሎች የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያሳያሉ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ለእነሱም ይሠራሉ። ምስሎቹ ከባድ ስለሆኑ ምን እንደሚያሳዩ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አደባባይ ስለሆነ ልጆቹን በትራፊክ ፖሊስ እርዳታ ብቻ አሻግሩ።

አስጎብኚው ንግግሩን አከበደው። አታቋርጡ። ሲያበቃ «ጋሼ፣ ልጆቹ አንድ ጥያቄ አላቸው» በሉና ጥያቄውን ለልጅ ስጡ። አብዛኞቹ ልጅ ሲጠይቃቸው ቋንቋቸውን ያቀላሉ።

ልጅ ሥዕል ነካ። በዝምታ እጁን አንሱለት። ጉዳት ካለ አትሸፋፍኑ፣ ለሠራተኛው ወዲያው ንገሩ።

ልጅ ጠፋ። ቡድኖቹ ባሉበት ይቁሙ። አምስተኛው ሰው በሩ ላይ ሄዶ ለጥበቃ የልጁን ስምና የለበሰውን ይንገር፣ ማንም ልጅ እንዳይወጣ። አንድ ሰው መጸዳጃ ቤቱን፣ አንድ ሰው ድንቅነሽ ያለችበትን ይይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ከሁለቱ በአንዱ ነው። ልጆቹም ቀድመው ይወቁ፦ የጠፋ ልጅ አይፈልግም፣ ባለበት ቆሞ ለሙዚየሙ ሠራተኛ ይናገራል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ ይደወል፣ ለፖሊስም ይነገር። «ትንሽ እንጠብቅ» አይባልም።

10. ከተመለሳችሁ በኋላ

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ውጡ። የራበው ልጅ አያይም። ቁርሱን አብልታችሁ ቆሻሻውን በፌስታል ሰብስቡ፣ ቁጥር አስጠርታችሁ ተሳፈሩ።

በማግስቱ «ስለ ጉብኝታችን አንድ ገጽ ጻፉ» አትበሉ። ሁሉም «መጀመሪያ ተሳፈርን፣ ከዚያ ደረስን» ብሎ ይጽፋል። የሳሉትን እጅ ወይም ዓይን ያውጡና ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ይህ የማን ነው? ሰውየው ምን ሊያደርግ ነው? ወረቀቶቹን በልጆች ቁመት ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው፣ ወላጆች ሲመጡ ይዩዋቸው። በጉብኝቱ ቀን የቀሩትን ልጆች አትርሱ። የሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሥዕሉን በቃል ይግለጹላቸው፣ ያልሄዱት ሰምተው ይሳሉ።

በሳምንቱ ውስጥ ለሙዚየሙ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ፣ ሁለት የልጆች ሥዕል አያይዛችሁ። የቦታውን ንድፍ፣ የስልክ ቁጥሮቹን፣ አውቶቡሱ የቆመበትን ቦታና የፈጀባችሁን ሰዓት በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለዩኒት ሊደሩ ስጡ። የሚመጣው ዓመት መምህር ከባዶ አይጀምርም።